ፓኬጅ ለመጫን ፓኬጅ መግዛት፦ ስለ ሶፍትዌር ላይብረሪ ጭነትና ማራገፍ

በድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የመመረቂያ ጥናቱን የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይታሰብ። ላፕቶፑ ኡቡንቱ የተጫነበት፣ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ግን የሌለው ተራ መሣሪያ ነው። በተርሚናሉ ላይ «ፒፕ ኢንስቶል ቶርች» የሚለውን አጭር ትእዛዝ ሲጽፍ የሚወርድለት ፓይቶርች ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው ፈጽሞ የማይጠቀምባቸው የኤንቪዲያ ላይብረሪዎችም ተከትለው ይገባሉ። ድምሩ ከ2 ጊጋ ባይት ያልፋል። ለሲፒዩ ብቻ የተዘጋጀው ስሪት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ እርሱን ለማግኘት ግን ያለበትን አድራሻ በትእዛዙ ውስጥ ለይቶ መጥቀስ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ «ፓኬጅ» ሲባል አስቀድሞ የሚታወሰው የዳታ ጥቅል ነውና፣ ተማሪው ፓኬጅ ለመጫን ፓኬጅ ይገዛል ማለት ነው።

የማራገፉ ነገር ከመጫኑ ይብሳል። ዲስኩ የሞላበት ተማሪ «ፒፕ አንኢንስቶል ቶርች» ቢል የሚነሣው ስሙ የተጠራው ላይብረሪ ብቻ ነው፤ ተከትለውት የገቡት ባሉበት ይቀራሉ። የኡቡንቱው «አፕት» በዚህ ረገድ የተሻለ ሥርዐት አለው፤ ፈላጊ ያጡትን ጥገኛ ፓኬጆች «አውቶሪሙቭ» በሚለው ትእዛዝ ይጠርጋል። ፒፕ ይህን አያደርግም። ለእያንዳንዱ ጥናት በ«ቬንቭ» የተለየ ፎልደር ቢከፈት ኖሮ ግን ማራገፍ ማለት ያንን ፎልደር መሰረዝ ብቻ በሆነ ነበር። የወረዱት ፋይሎች በፒፕ ጊዜያዊ ማከማቻ ስለሚቆዩ ያው ስሪት ዳግመኛ ሲፈለግ ዳታ አይበላም። ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ ያንን ማከማቻ ማጽዳት ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ እንደ መክፈል ነው።

ጉዳዩ የኪስ ብቻ ቢሆን ኖሮ የምርምር መጽሔት ገጽ ባላስፈለገው ነበር። ኑምፓይ 2.0 በሰኔ 2016 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ለቀድሞው ስሪት የተገነቡ በርካታ ላይብረሪዎች ከእርሱ ጋር መሥራት ተስኗቸው ነበር። የስሪት ቁጥር ሳይጠቅስ «ኑምፓይ ጥቅም ላይ ውሏል» ብሎ የሚያልፍ የመመረቂያ ጽሑፍ እንግዲህ ለአንባቢው ምን ያህል ይነግረዋል? «ፒፕ ፍሪዝ» የተጫኑትን ሁሉ ከነቁጥራቸው በአንድ ትእዛዝ ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ገጽ አይበልጥም። መጠይቅ በአባሪነት እንዲያያዝ የሚያስገድድ ትምህርት ክፍል፣ ውጤቱን ያስገኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር የማይጠይቅበት ምክንያት ለመረዳት ያዳግታል።

ዝርዝር ብቻውን ግን አይበቃም፤ የተዘረዘረው መገኘት አለበት። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. «ሌፍት ፓድ» የተባለውን 11 መስመር ብቻ ያለው የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ደራሲው ከኤንፒኤም ማከማቻ ሲያነሣው፣ በእርሱ ላይ የተመረኮዙ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች ለሰዓታት ታውከዋል። ወደ አገር ቤት ሲመለሱም፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ በተቋረጠበት ወቅት አዲስ ላይብረሪ ማውረድ የሚታሰብ አልነበረም። ትምህርት ክፍሎች ዘወትር የሚፈለጉትን ላይብረሪዎች በ«ፒፕ ዳውንሎድ» አውርደው በግቢው ሰርቨር ላይ ቢያኖሩ፣ ተማሪው በፍላሽ ገልብጦ ሳቢያን ባለው ክፍሉ ያለ ኢንተርኔት ይጭናቸዋል፤ «ኖ ኢንዴክስ» እና «ፋይንድ ሊንክስ» የተባሉት አማራጮች የተሠሩት ለዚሁ ነው። የሚወርደው ፋይል ከተማሪዎቹ የፓይተን ስሪትና ከኦፐሬቲንግ ሲስተማቸው ጋር መስማማቱ ግን አስቀድሞ ሊጣራ ይገባል።

በግቢ የሚቀመጥ ላይብረሪ ቶሎ ያረጃል፣ የደኅንነት ማሻሻያም ያመልጠዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለሕዝብ አገልግሎት ለሚሰጥ ፕሮግራም ስጋቱ ተገቢ ነው። ለተጠናቀቀ ጥናት ግን የሚፈለገው ያረጀው ስሪት ራሱ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ስሌቱን ደግሞ ሊሞክር የተነሣ ተመራማሪ አዲሱን ቢጭን የሚያገኘው ቁጥር የሌላ ጥናት ቁጥር ሊሆን ይችላል።