ቃል የሌለው ዜማ ዲዳ አይደለም

በወልቂጤም ኾነ በቡታጅራ የማሕሙድ አሕመድ ድምፅ በተሰማ ጊዜ «የኛ ልጅ ነው» የማይል ሰው ጥቂት ነው። ማሕሙድ በ1941 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከጉራጌ ወገን በአዲስ አበባ ተወልዶ፥ በልጅነቱ ጫማ እየጠረገ አድጎ፥ ስሙ ባሕር የተሻገረ ሰው ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ምስጋናው ኹሉ ባንድ ሰው ላይ ሲከመር፥ በስተኋላው ቆመው ዜማውን የተሸከሙት ባለሟያዎች ይረሳሉ። ይህም መርሳት ቸልታ ብቻ አይደለም፤ ግፍ ነው።

«ኧረ መላ መላ» የተባለው አልበም በ1975 ሲወጣ ከማሕሙድ ጋራ የተጫወተው አይቤክስ ባንድ ነበር። ይኸው ሥራ በ1986 በብራስልስ ዳግመኛ ታትሞ የአውሮጳን ጆሮ ከፈተ። በ1976 ደግሞ ያው ባንድ በአዲስ አበባ በራስ ሆቴል ያለ ዘፋኝ፥ በመሣሪያ ብቻ፥ «ስቴሪዮ ኢንስትሩመንታል ሙዚቃ» የተባለውን አልበም ቀረጸ። የሰላም ሥዩም ጊታርና የጆቫኒ ሪኮ ባስ ጊታር በዚያ ይሰማሉ። የመዠመሪያው በየቤቱ ሲታወቅ፥ ኹለተኛው ዳግመኛ እስኪታተም ድረስ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ዘመን ተጋርዶ ኖረ።

አንዳንዶች «ቃል የሌለው ዜማ ምን ይናገራል?» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች በማሕሌት ቆመው እንደ ኾነ ይጠየቁ። ከበሮው ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሻገር ዜማው የት እንደ ደረሰ የማያውቅ ማን ነው? ይህ የሚባለው ዓለማዊውን ከመንፈሳዊው ለማስተካከል አይደለም፤ ጆሮ ከቃል ሌላ የሚያስተውለው ነገር እንዳለ ለማስረዳት ነው።

ሌሎችም «ጊታር የፈረንጅ ነው» ብለው ይነቅፋሉ። ዜማን ያገር የሚያደርገው ግን የመሣሪያው እንጨት ሳይኾን ቅኝቱ ነው። ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺሆዬን በጊታር ክር የሚያወጣ ሰው ካገሩ አልወጣም፤ ይልቁንም እንግዳውን መሣሪያ ያገሩን ቋንቋ አስተማረው።

የጉራጌን ቤት ሊያይ የመጣ እንግዳ የክዳኑን ውበት ያደንቃል፤ ቤት መሥራት የሚያውቅ ግን አስቀድሞ መካከለኛውን ምሰሶ ይመለከታል። ምሰሶው ቢነሣ ክዳኑ በምን ይቆማል? ዘፋኙም ያለ ባንዱ እንዲሁ ነው። አይቤክስ ኋላ ሮሃ ተብሎ ብዙ ዘፋኞችን በዜማ አጀበ፤ ሕዝቡ ግን የዘፋኞቹን ስም ይዞ ያጃቢዎቹን ስም ጣለ።

እንግዲህ በማሕሙድ የሚመኩ የወልቂጤና የቡታጅራ ሰዎች ትምክሕታቸውን ሊያሟሉት ይገባል። ዘፈን የሚያሰሙ ኹሉ ከዘፋኙ ስም ጋራ የባንዱን ስም ይጥሩ። ያረጀ ሸክላና ካሴት በቤቱ ያለው ሰው ለሕፃናት መጫወቻ አይስጥ። የሙዚቃ መምህራንም ያን ቃል አልባ አልበም ለተማሪዎቻቸው ያሰሙ፤ ድምፅ የሸፈነው ሥራ በዚያ ተገልጦ ይሰማልና።

ያገር ሀብት ሌላው እስኪያነሣው ድረስ የሚጠብቅ ሕዝብ፥ በገዛ ቤቱ እንግዳ ኾኖ ይኖራል።