«ገላዬ አይቀበልም»

የእህቴ ልጅ እምብርቷን ስትበሳ እናቷ አንድ ሳምንት አኮረፈች። እኔ ያሳሰበኝ ግን መበሳቷ ሳይሆን የተሰካባት ነገር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቀዳዳው ዙሪያ ቀላ፣ እያሳከከ እንቅልፍ ነሳት፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታም ወጣባት። የበሳቻት የውበት ሳሎን ባለሙያ አየቻትና «ገላሽ አይቀበልም» አለቻት። በቃ። ልጅቷም አምና ተቀበለች፤ «እኔ እኮ ገላዬ ቁጡ ነው» እያለች እንደ ደም ዓይነቷ ለሰው ሁሉ ትናገር ጀመር።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ጆሯችን ሲያብጥ፣ አንገታችን ሲላጥ፣ የእጅ ሰዓት ክንዳችን ላይ ቀይ ቀለበት ሲሠራ የምንከሰው ገላችንን ነው። ሻጩ ነጻ ይወጣል፣ የበሳው ነጻ ይወጣል፤ ብረቱማ ከናካቴው ችሎት አይቀርብም።

መቅረብ ያለበት ተከሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ኒኬል ይባላል። በንክኪ ለሚመጣ የቆዳ አለርጂ በዓለም ቀዳሚው መንስኤ እሱ ነው። የላብ ጨው በጥቂት በጥቂቱ ያሟሟዋል፤ የሟሟው ወደ ቆዳ ይዘልቃል፤ የሰውነት መከላከያም እንደ ጠላት መልኩን ይይዘዋል። አንዴ ከያዘው ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ተንኮሉ ደግሞ ሽፍታው ወዲያው አለመውጣቱ ነው። አንድ ቀን ሁለት ቀን ቆይቶ ስለሚመጣ፣ ትናንት የበላነው እንቁላል ወይም ያየን ሰው ዓይን ይታማበታል።

ጤነኛ ቆዳ ቢያንስ የላይኛው ንብርብር ይከላከልለታል። የተበሳ እምብርት ግን ቁስል ነው፤ ለመዳን ከ6 ወር እስከ ዓመት የሚፈጅ፣ በተቀመጥን በተነሳን ቁጥር የሚታጠፍ፣ የሱሪ ወገብ የሚፍቀው ቁስል። የአውሮፓ ሕግ ሁለቱን የለየው በዚህ ምክንያት ነው። ቆዳ ላይ የሚውል ጌጥ በሳምንት ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽታው የሚለቀው ኒኬል ከ0.5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ሲገድብ፣ በተበሳ ቦታ ለሚሰካው ግን ወደ 0.2 ያወርደዋል። ልብ በሉ፣ ሕጉ የሚለካው ብረቱ የያዘውን ሳይሆን የሚለቀውን ነው።

እኛ ጋ ያለው መለኪያ «ኦሪጅናል ነው» የሚል ቃል ነው። የልጅቱን ጌጥ ወደ ሸጠው ሱቅ አብሬያት ሄድኩ። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው፤ «የኔ እናት፣ ይሄ የሕክምና ብረት ነው፤ ሐኪም ቤት የሚሠሩበት» አለኝና ማግኔት አውጥቶ ሞከረልኝ። አልሳበውም። «አዩ?» አለ። አየሁ። ሳቄን ግን በግድ ነው የያዝኩት። «የሕክምና ብረት» በሚል ስም በብዛት የሚሸጠው 316ኤል የተባለው አይዝጌ ብረት ነው፤ ከ10 እስከ 14 በመቶው ኒኬል ነው። ማግኔት እንዳይስበው የሚያደርገውም ዋናው ነገር ይኸው ኒኬል ነው! ልጁ ሳያውቀው በራሱ ላይ መሰከረ።

ለእውነት ስል ልናገር፤ ጥሩ ሆኖ የተሠራና የተወለወለ 316ኤል የሚለቀው ኒኬል ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰው ያለ ችግር ያደርገዋል። ጠቤ ከስሙ ጋር ነው። «የሕክምና» የሚለው ቃል ለአንድ የታወቀ ብረት የተሰጠ ስም አይደለም፤ ማንም ማንኛውም ብረት ላይ ሊለጥፈው ይችላል። በሰውነት ውስጥ ለሚቀመጥ ብረት የወጣው ደረጃ ቁጥር አለው፤ ለአይዝጌው ኤፍ138፣ ለታይታኒየሙ ኤፍ136። ቁጥሩን የማይነግር ሻጭ የነገራችሁ ነገር የለም።

እናቷ በበኩሏ መፍትሔው አልጠፋትም፤ ከዱባይ የመጣ ነጭ ወርቅ። ወርቅ አይቆጣም ይባላል። እዚህ ላይ ከእናቶቻችን ጋር መጣላት ግድ ይለኛል። ንጹሕ ወርቅ በእርግጥ ገራም ነው፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ ለጌጥ የሚሠራው ተቀላቅሎ ነው። ከ24 ክፍል 18ቱ ወርቅ መሆኑን ካራቱ ይነግረናል፤ ስለ ቀሪዎቹ 6 ክፍሎች ዝም ይላል። ብርና መዳብ ሊሆኑ ይችላሉ። ነጭ ወርቅ ከሆነ ደግሞ ንጣቱ ከኒኬል የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የእኛይቱም ሽፍታ ብሶባት አረፈ። ወርቅ ቅቡንማ ተዉት፤ ቅቡ ሲፋቅ ከሥሩ ናስና ኒኬል ብቅ ይላል። ካራት የዋጋ መለኪያ ነው፤ ቁስል ዋጋ አያነብም።

ብርስ? ከጠገራ ብር የቀለጠ መስቀል በአያቶቻችን አንገት ዕድሜ ልክ ውሏል፤ አንገት ግን ቁስል አይደለም። ብር እርጥበት ባለው ቁስል ውስጥ ይጠቁራል፤ አንዳንዴም የማይለቅ ግራጫ ምልክት ቆዳው ላይ ትቶ ይቀራል።

ወርቅ ቤት የማትገባው ታይታኒየም ግን ከብረት በግማሽ ያህል ትቀላለች፤ ገጽታዋን የሚሸፍናት ስስ የኦክሳይድ ልባስ ሲጫር ራሱን መልሶ ይተካል። ሰማያዊና ወይን ጠጅ መልኳም ቀለም ተቀብታ ሳይሆን ያው ልባስ በኤሌክትሪክ ወፍሮ ብርሃን ሲጫወትበት የሚታይ ነው። ኒዮቢየምም እህቷ ናት። ሁለቱም «ርካሽ ይመስላሉ» ተብለው ይናቃሉ።

ሽፍታና ማሳከክ ሳይሆን ትኩሳት፣ መግልና የሚጠዘጥዝ ሕመም ከመጣ ነገሩ የብረት ክርክር አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ነው የሚኬደው።

የእህቴ ልጅ ጌጡን አውጥታ ቀዳዳው ተደፍኗል። ሽፍታው ግን ሰሞኑን ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ ተመለሰ፤ የጂንስ ሱሪዋ ቁልፍ የሚነካት ቦታ ላይ። አሁን ቁልፉን ከውስጥ በኩል በፕላስተር ሸፍና ነው የምትለብሰው።