ሎሽን እንደ ወንፊት አይዋስም



የካኩማ ሙቀትና አቧራ ቆዳን እንዴት እንደሚያስቸግር ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። በየክፍሉ ክርኑን የሚያክ ልጅ አይጠፋም። እኔ መናገር የፈለግሁት ከማከኩ በኋላ ስለሚሆነው ነው። አንዲት እናት ልጇን ለሐኪም አሳይታ ሎሽን ይታዘዝለታል፤ በጥቂት ቀን ይሻለዋል። ከዚያ ያቺ ብልቃጥ ከቤት ቤት መዞር ትጀምራለች። እንደ ወንፊት፣ እንደ ምጣድ ትዋሳለች። መዋዋሳችን ደግ ነው፤ በስደት ያቆመንም እርሱ ነው። መድኃኒት ግን ከዚህ ይለያል።

ሎሽን ሁሉ አንድ አይደለምና። ሮዝ መልክ ያለው ካላሚን ማሳከክን ለጊዜው ያበርዳል። ወተት የሚመስለው ቤንዚል ቤንዞዌት የእከክን ተባይ ይገድላል። እንደ ቤታሜታዞን ያለው ስቴሮይድ ግን ተባይም ፈንገስም አይገድልም፤ ሥራው የቆዳን መቆጣት ማብረድ ነው። ስለዚህ ለችፌና ለአለርጂ ሽፍታ ፍቱን ነው። ጭርት ላይ ሲቀባ ቅላቱና ማሳከኩ ይቀንስና የዳነ ይመስላል፤ ፈንገሱ ግን ውስጥ ውስጡን ይሰፋል። ክብ መልኩም ስለሚጠፋ ሐኪሙ እንኳ ለመለየት ይቸገራል። እከክም እንዲሁ ይደበቅና ለቤተሰቡ ሁሉ ይተርፋል። ይህን ስል ልገሥጻችሁ አይደለም፤ እኔም ከዓመታት በፊት በክንዴ የወጣችን ትንሽ ጭርት በተዋስኩት ቅባት ሳሽ ከርሜ፣ ሳቆም ክንዴን በሙሉ ሸፍና አገኘኋት።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄ ከዚያ ልጅ አጠገብ አይቀመጥብኝ» ይላሉ። ችፌ አይጋባም። ጭርትና እከክ ይጋባሉ፤ እነርሱም በተገቢው መድኃኒት ይድናሉ። ለብቻው የተቀመጠ ልጅ ግን ያፍራል፤ ቆዳው ቶሎ እንዲጠራለት ብሎም ያገኘውን ጠንካራ ቅባት ተደብቆ ይቀባል። ለዚህ ጥፋተኛው ልጁ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ታላላቅ ተማሪዎች፤ ፊታችሁ እንዲቀላ ብላችሁ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የምትቀቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሴቶች ብቻ አይደላችሁም፤ ወንዶችም አላችሁበት። ለጥቂት ሳምንታት የቀላችሁ ይመስላችኋል። ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወጣል፤ ቅባቱን ስታቆሙ ፊታችሁ ይቃጠላል፣ ይቀላል። ዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ የዓይን ግፊትን ሊጨምርና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። በገበያ የሚሸጥላችሁ ሰው ይህን ሁሉ አይነግራችሁም።

በሌላ በኩል ደግሞ ስቴሮይድ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ደንግጠው የታዘዘውን የሚጥሉ ወላጆች አሉ። ይህም ስሕተት ነው። ሌሊቱን ሲያክ ያደረ ልጅ ቀን ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ የተቧጨረው ቆዳም ይመግላል። በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የተቀባ ስቴሮይድ እፎይ ያሰኘዋል።

አቀባቡ ቀላል ነው። ብልቃጡን ነቅንቁ፤ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ እንደታዘዘው፣ የታመመውን ቦታ ብቻ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በቱቦ ያለ ቅባት ከሆነ ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ያህል ቢወጣ፣ የአዋቂን ሁለት መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያክል ቦታ ይበቃል። ሲበዛ ቶሎ አያድንም። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ መድኃኒቱን ይበልጥ ወደ ሰውነት ያስገባል፤ በላዩ ላስቲክ አትጠቅልሉ፤ ጠንካራውን ዓይነት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊትና ብብት ላይ አታድርጉ። መግል የያዘ ቁስል ካለ አስቀድማችሁ ለሐኪም አሳዩ። ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የቆየም በድንገት ከማቆሙ በፊት ሐኪም ይጠይቅ። ለዘወትሩ ግን ቆዳን በቫዝሊን ማለስለስ ለችፌ ትልቅ ነገር ነው፤ እርሱን ብትዋዋሱ አልቆጣም።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ልጁን ብቻ ሳይሆን የቀባችሁትን ብልቃጥም ይዛችሁ ሂዱ፤ የተዋሳችሁት ቢሆንም አትደብቁ። በየብልቃጡ ላይም የታዘዘለትን ልጅ ስምና የሚቆምበትን ቀን ጻፉ። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ብቅ በሉ፤ አብረን እንጽፋለን።