ፍላይ ዝንብ አይደለም

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው በኑዛዜ ነው። ባለፈው ሴሚስተር በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ «በዝንብ ዓሣ የሚያጠምዱት የዲንሾ እንግዶች» የሚለውን ፊቸር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ርዕሱ ብዙ ሰው አስቋል፤ እኔም ኮርቼበት ነበር። ለእረፍት ወደ ጎባ ስሄድ ፎቶ ኮፒውን ይዤ ለአጎቴ ሰጠኋቸው፤ ምክንያቱም ባለታሪኩ እሳቸው ናቸው። እንግዶችን ወደ ወንዝ እየወሰዱ ዓሣ የሚያስጠምዱ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና «አንተ ልጅ፣ እኔን እኮ ዝንብ ሰብሳቢ አደረግከኝ» አሉኝ። አልሳቁም።

ምን አድርጌ ነበር? በስልክ አነጋገርኳቸው፤ «ፍላይ» ሲሉኝ መዝገበ ቃላት ገልጬ «ዝንብ» የሚል አገኘሁ፤ ከዚያ «ዝንቡን መንጠቆ ላይ ሰክተው» ብዬ ጻፍኩ። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት፣ ሁሉም ተመልሰዋል። ጥቅሶቹ አንድ ቃል አልተዛነፉም። ጽሑፉ ግን ውሸት ነበር።

በማግስቱ አጎቴ ወንዝ ወረዱ፤ ተከትያቸው ሄድኩ። ዓሣው ትራውት ይባላል። እሱም ለአገሩ እንግዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ነው። አጎቴ ከኪሳቸው ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን አወጡ። ውስጡ ትል የለም፣ ዝንብም የለም። ላባ፣ ጸጉርና ክር የታሰረባቸው ጥቃቅን መንጠቆዎች ብቻ ናቸው። ፍላይ ማለት ይሄ ነው። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፤ ዓሣውን የሚያታልለው በመልኩና በእንቅስቃሴው ብቻ ነው። ክብደትም ስለሌለው አርቆ መወርወር አይቻልም፤ ይዞት የሚሄደው የወፍራሙ ክር ክብደት ነው። እንግዶቹ ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት እንደ ጅራፍ የሚያወናጭፉት ለዚህ ኖሯል። እኔ በጽሑፌ «ስፖርት መሥራታቸው ይሆናል» ብዬ ነበር። ምን ልበላችሁ!

መጀመሪያ ያሳዩኝ ደረቅ ፍላይ የሚባለውን ነው። ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። የሚያቆመው በመንጠቆው ዙሪያ የተጠመጠመው የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው፤ ጠንካራ ስለሆነና ውኃ ቶሎ ስለማይጠጣ ጫፎቹ እንደ እግር ሆነው ይይዙታል። የሴት ዶሮ ላባ ግን ለስላሳ ነው፤ እርጥብ ለሚባለውና ለሚሰምጠው ፍላይ ይሆናል። አጎቴ ላባውን የሚያገኙት በበዓል ሰሞን ነው። ቤት ውስጥ ዶሮ ሲታረድ ፈላ ውኃ ውስጥ ሳይነከር በፊት ቶሎ ብለው የአንገቱን ይነጫሉ። ባለቤታቸው «ሰው ስለ ወጡ ያስባል፣ እሱ ስለ አንገቱ!» ይሏቸዋል።

ቀጥሎ ኒምፍ። አጎቴ ከወንዙ ውስጥ አንድ ድንጋይ አንስተው ገለበጡት። ሥሩ ላይ ጭራ ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች ይርመሰመሳሉ። በትምህርት ቤት ሦስት አጽቄ ብለን የተማርናቸው ናቸው፤ ገና ክንፍ ያላወጡ። ከእነዚህ አንዱ፣ ፈረንጆች ሜይፍላይ የሚሉት፣ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ውኃ ውስጥ ነው። ክንፍ አውጥቶ ሲበር የሚቀረው ዕድሜ ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ነው፤ ያኔ የሚበላበት አፍ እንኳ የለውም። ስለዚህ ዓሣው አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከታች ነው። ኒምፍ የሚባለው ፍላይ ይህንን ይመስላል። ፍራንክ ሶየር የተባለ እንግሊዛዊ የወንዝ ጠባቂ የሠራው ዝነኛው ኒምፍ ፌዛንት ከሚባል ወፍ የጭራ ላባና ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ የተሠራ ነው፤ ሽቦው ማሰሪያም ማስመጫም ነው። ስትሪመር የሚባለው ደግሞ ረዘም ያለ ሆኖ ትንሽ ዓሣ ይመስላል። እዚህ ላይ ብቻ እንኳ «ዝንብ» የሚለው ትርጉሜ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ አንዱ አይበርም፣ ሌላው ዓሣ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ የመሰለው ካለ፣ ሰዎች የተጣሉበት ጉዳይ መሆኑን ልብ ይበል። በእንግሊዝ ፍሬድሪክ ሃልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1886 ስለ ተንሳፋፊ ፍላዮች መጽሐፍ አወጣ። ተከታዮቹ በደቡብ እንግሊዝ ወንዞች ላይ ከደረቅ ፍላይ በቀር ሌላውን እንደ ነውር እስከ መቁጠር ደረሱ። ጂ.ኢ.ኤም. ስኪውስ የተባለ የሕግ ባለሙያ ደግሞ በ1910 ባሳተመው መጽሐፍ «ዓሣው ከታች እየበላ ከላይ ብቻ ለምን እንወረውራለን?» የሚል ዓይነት ክርክር አነሳ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1938 በለንደን ክለባቸው ውስጥ መደበኛ ክርክር እስከ መሆን ደርሷል። ሁለቱንም «ዝንብ» ብሎ የሚተረጉም ዘጋቢ እዚያ አዳራሽ ቢቀመጥ ምን ብሎ ይዘግባል? «ስለ ዝንብ ተጨቃጨቁ» ከማለት በቀር።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ ትሪንግ ከሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አንድ የሙዚቃ ተማሪ 299 የወፍ ቆዳዎች ሰረቀ። ላባቸው የሚፈለገው ለሳልመን ዓሣ ፍላይ ነበር። አትላንቲክ ሳልመን ለመራባት ወደ ወንዝ ሲመለስ አይመገብም፤ ስለዚህ ለእሱ የሚታሰረው የድሮ ፍላይ የትኛውንም ነፍሳት አይመስልም፤ ጌጥ ነው። ላባው ውድ የሆነውም ለጌጥነቱ ነው። ይህን ያልተረዳ ጋዜጠኛ ወንጀሉን ዘግቦ ምክንያቱን ሊያስረዳ አይችልም። ኪርክ ዋላስ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚሁ ስርቆት መጽሐፍ ያወጣው ፍላይ አሳሪዎቹን ፈልጎ ካነጋገረ በኋላ ነው።

እርግጥ ነው፣ «ተማሪ ነን፣ ትራንስፖርት የለንም፣ ቀኑም አይበቃም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን እኔ ስልክ ላይ እያለሁ «ጋሼ፣ ከምንድን ነው የሚሠራው?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳንቲም አይጨምርብኝም ነበር። ያልጠየቅኩት የማውቅ ስለመሰለኝ ነው። በፊቸር ኮርሳችን ላይ ሊድ እንዴት እንደሚጀመር ሦስት ሳምንት ተምረናል፤ ስለ ባለሙያው ዕቃ ስለ መጠየቅ ግን አንድም ክፍለ ጊዜ አላስታውስም። እኔ በበኩሌ ስለ ሙያ የሚጽፍ ተማሪ ዕቃውን በእጁ ሳይዝ፣ ካልቻለም ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቅ ጽሑፉ ባይታረምለት ደስ ይለኛል። መምህራኖቻችን ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ።

አጎቴ ስንለያይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ እርማት እንዲወጣ። እንግዶች የሚያመጡላቸው ሰዎች ጽሑፉን ቢያዩት ስማቸው እንደሚጠፋ ፈርተዋል። የግድግዳ ጋዜጣውን የሚያዘጋጁትን ጓደኞቼን ስጠይቅ «ለዝንብ ደግሞ እርማት ይወጣል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ስለዚህ እዚሁ አወጣዋለሁ፦

እርማት፦ ባለፈው ሴሚስተር ስለ ዲንሾ ዓሣ አጥማጆች በወጣው ፊቸር «ዝንብ» የተባለው ሁሉ «ፍላይ» ተብሎ ይነበብ። «መንጠቆ ላይ ሰክተው» የሚለው «በእጃቸው ከዶሮ ላባ አስረው» ተብሎ ይስተካከል። ባለሙያውን ይቅርታ እጠይቃለሁ።