«መልእክት ይልካል» አይበቃም

የሰፈራችን ዕድር ጥሩምባ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቆይቷል። ለቅሶ አሁን የሚነገረው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ዓይናቸው የደከመው የዕድሩ ጸሐፊ «አንተ የኮምፒውተር ሰው አይደለህ እንዴ? ምናለ ብትገላግለኝ» ሲሉኝ የኤአይ ረዳት ሠራሁላቸው። እኛ ሠሪዎቹ ኤጀንት የምንለው ዓይነት ነው፤ ጋሼ በአማርኛ ያዙታል፣ እሱ ከሰጠሁት መሣሪያዎች የሚያስፈልገውን ራሱ መርጦ ይፈጽማል።

በሦስተኛው ሳምንት የአንዲት እናት የሦስት ወር ውዝፍ መዋጮ ከነስማቸው ለዕድርተኛው ሁሉ ተላከ። ጋሼ ያዘዙት «እትዬን ስለ መዋጮው አስታውሳቸው» ብለው ብቻ ነበር። መልእክቱን ቶሎ አጠፋሁት፤ ቴሌግራም ቦት የላከውን እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንዲያጠፋ ይፈቅዳል። ያየ ግን አይቷል። ማታ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ስሄድ ቡና አፈሉልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ «ማሽኑ ተሳሳተ» አለ። የሥራ መዝገቡን ስከፍት ያገኘሁት ሌላ ነው። ረዳቱ መጀመሪያ የሞከረው ለእሳቸው ብቻ ለመላክ ነበር። ቦት ግን ለግለሰብ ቀድሞ መጻፍ አይችልም፤ ሰውየው ራሱ አስቀድሞ ቦቱን ከፍቶ «ስታርት» ማለት አለበት። እትዬ ነክተውት አያውቁም። ቴሌግራም 403 የሚል የክልከላ መልስ ሰጠ። ረዳቱም ትእዛዙን ሳልፈጽም አልቀርም ብሎ፣ እጁ ላይ ወደቀረው ሌላ አድራሻ፣ ወደ ግሩፑ ዞረ። ለቴሌግራም የግለሰቡም የግሩፑም አድራሻ «ቻት አይዲ» የሚባል ቁጥር ነው፤ የግሩፑን የሚለየው ፊቱ ላይ ያለው የመቀነስ ምልክት ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ። ለረዳቱ የጻፍኩለት መግለጫ ግን ሁለት ቃል ነበር፦ «መልእክት ይልካል»።

እንዲህ ያለ ረዳት ኮዱን አይመለከትም። የሚደርሰው የመሣሪያው ስም፣ መግለጫውና መሞላት ያለባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ከዚያ ውጭ ያለውን በግምት ይሞላዋል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. አንትሮፒክ ረዳቶችና መሣሪያዎች የሚገናኙበትን ኤምሲፒ የተባለ የጋራ ስምምነት ካወጣ ወዲህ ደግሞ እኔ የሠራሁትን መሣሪያ ፈጽሞ የማላውቀው ረዳት ሊያነሳው ይችላል። ጎኑ ቆሜ «ኧረ እዚያ አይደለም» የምልበት ዕድል የለኝም።

የድሮው ጥሩምባ ነፊ «እገሌ አርፏል፣ ንፋ» ሲባል የቀረውን ያውቀዋል። በየትኛው ቅያስ እንደሚዞር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መርዶ ካልተነገራት ልጅ ደጃፍ እንደማይነፋ ማንም አይነግረውም። ዛሬ ያቺ ልጅ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆና እዚያው ግሩፕ ውስጥ አለች። ረዳቱ ይህን ከየት ያምጣው? ሰዓቱም እንደዚያው ነው። «ቀብር 9 ሰዓት» ሲባል ለእኛ ከቀትር በኋላ ነው፤ መሣሪያው የሚጠብቀው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው። ካልተጻፈለት ለቀስተኛውን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መቃብር ቦታ ሊያቆመው ይችላል።

ቦት ለሱቅና ለትምህርት ቤት የሚሠሩ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። መግለጫ ሲረዝም ወጪ ይጨምራል፣ ደግሞም ሞዴሎቹ በየጊዜው ብልህ እየሆኑ ነው ይላሉ። ስለ ወጪው እውነት አላቸው፤ እኔም አንድ መልእክት ከ4096 ፊደል እንደማይበልጥ ጽፌ መልሼ አወጣሁት፣ የዕድር ማስታወቂያ እዚያ አይደርስም። ብልህነቱን ግን አልቀበልም። የትም ያልተጻፈን ነገር ምንም ብልህ ቢሆን አያውቀውም፤ ብልህ ሙሽራም አማቷ ቤት በመጀመሪያው ቀን ጨው የት እንዳለ ትጠይቃለች። እኛ ደግሞ መግለጫውን ኮዱ ካለቀ በኋላ፣ ዓርብ ማታ፣ ቦርሳ እያነሳን ነው የምንጽፈው።

አሁን መሣሪያውን ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ ለግሩፑ ብቻ ይልካል፤ የሌላው መግለጫ እንዲህ ይላል፦ «ለአንድ አባል በግል ይልካል። ዕዳና ሕመም በዚህ ብቻ ይነገራል። መላክ ካልተቻለ ወደ ግሩፕ አትላክ፤ ቁም፣ ለጸሐፊው ንገር። የሚሰጥህ ሰዓት የኢትዮጵያ ነው፤ ቀን ይሁን ማታ ካልተገለጸ ጠይቅ።» የግሩፑ ላይ ደግሞ «የለቅሶ ማስታወቂያ ከመላክህ በፊት መርዶ መነገሩን ከጸሐፊው አረጋግጥ» የሚል አለ።

ወረቀት ላይ አትሜ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቁኝና ከታች፣ በዚያ ጠመም ባለ የቁም ጽሕፈታቸው አንድ መስመር ጨመሩ፦ «ማንበብ ለማይችሉ አባላት አትላክ። ለእኔ ንገረኝ፣ ሄጄ አንኳኳለሁ።» እንዳለ አስገባሁት።