አሸዋ ላይ የለቀቃችሁትን ንፋስ አስፋልት ሳትይዙ መልሱ

ወንድሞቼ፣ በአንድ ዘመን መሪ የጨበጥን፣ ዛሬም ከፊልድ ሥራ ያልወጣን አሮጌ ሾፌሮች፤ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወጣቶቹ የሚነዱት እኛ ስንነዳ እንዳዩት ነው። እኛ ደግሞ ጠዋት መኪናውን ዞር ብለን፣ ጎማውን በጫማችን መታ መታ አድርገን፣ «ደህና ነው» ብለን እንነሳለን። ይህን ልማድ ከእኛ ወርሰውታል።

እግር ንፋስ አይለካም። ዓይንም አይለካም። የፎርባይፎር ጎማ ጎኑ ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ 35 ፒኤስአይ ያለውና 25 ያለው ጎን ለጎን ቢቆሙ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው እንኳ ላይለያቸው ይችላል። ይህን የምለው በሰው ነፍስ ከተማርኩት ነው።

ከኤርታሌ ስንመለስ ነበር። ሦስት ላንድክሩዘር ሆነን፣ ፊት ፊት የምመራው እኔ ነበርኩ። ስንገባ አሸዋው ላይ የሁሉንም ጎማ ወደ 18 አውርደናል፤ ማውረዳችን ልክ ነበር። አፍዴራ ላይ አስፋልቱን ስንይዝ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የያዝነው ኮምፕሬሰር አንድ ነው፤ አሥራ ሁለት ጎማ መሙላት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከሦስታችን ትንሹ ሾፌር መኪናውን ጥግ አስይዞ ሊሞላ ወረደ። «ተወው፣ ሎግያ ጎሚስታ አለ፣ እዚያ ይሞላልናል» አልኩት። ታዛዥ ልጅ ነበር፤ ተመልሶ ገባ።

ሰርዶ ሳንደርስ የኋላ ግራ ጎማው ጥርሱ ከነሽቦው ተገሽልጦ ወጣ። መኪናው ሁለት ጊዜ ተገለበጠ። ልጁ ተረፈ፤ ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ ግን ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ አረፈ።

በማግስቱ ጎሚስታው ያልፈነዳውን የኋላ ቀኝ ጎማ ከቸርኬው ሲያወልቀው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከውስጡ እንደ ተፈጨ ቡና ያለ ጥቁር ዱቄት፣ እፍኝ ሙሉ፣ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ጎማው ራሱን ሲፈጭ የቆየበት ነው። ውጭው እኮ አዲስ ይመስል ነበር። ጎሚስታው ዱቄቱን በጣቱ አሽቶ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አላለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ንፋሱ ነው። ንፋስ ሲጎድል ሸክሙ በጎማው ጎን ላይ ይወድቃል፤ ጎኑም ጎማው በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። መታጠፉ ሙቀት ይወልዳል፣ ሙቀቱም ላስቲኩን ከሽቦው ያላቅቀዋል። አሸዋ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስንሄድ በ18 ያዳነን ጎማ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ በአፋር አስፋልት ላይ በ100 ሲሄድ የሚቆየው ትንሽ ነው።

ይህ በእኛ በረሃ ብቻ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ እንዲመለስ ጠራ፤ ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ ነበሩ። ጎማዎቹ የራሳቸው የሥራ ጉድለት ነበረባቸው፤ ይህ አይካድም። ግን ፎርድ ለዚያ መኪና የመከረው 26 ፒኤስአይ ነበር፣ የጎማው ኩባንያ ደግሞ 30 ይሁን አለ። በሙቀት፣ በጭነትና በፍጥነት ላይ ያ ዝቅተኛ ንፋስ ሲጨመር ጥርሱ ይገሸለጥ ነበር። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የቆጠረው ሟች 271 ደርሷል። ሳዑዲ ዓረቢያና ሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ላይ ችግሩ ቀደም ብሎ ታይቶ፣ ፎርድ እዚያ ጎማ መቀየር የጀመረው በ1999 ነው። ሙቀቱ የእኛን አፋር ይመስላል።

በአዳዲሶቹ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የምናየውን የንፋስ መብራት አሜሪካ በሕግ ያስገደደችው ከዚያ በኋላ ነው። በእሱ አትተማመኑ። ያ ሕግ መብራቱ እንዲበራ የሚያስገድደው ንፋሱ በ25 ከመቶ ሲጎድል ነው፤ 35 የነበረው 26 ገደማ እስኪሆን ዝም ሊል ይችላል።

እንግዲህ ስንት ይሁን ለምትሉኝ፣ መነሻው በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፤ እሱን እየሞሉ የሚነዱ አሉ፣ መኪናው ኮረኮንች ላይ እየነጠረ ፍሬን አልይዝ ይላቸዋል። የባዶና የሙሉ ጭነት ቁጥር ይለያያል። ጎማውን በከባድ የጭነት ዓይነት ከቀየራችሁት ደግሞ ያንኑ ሸክም ለመያዝ ከተለጠፈው በላይ ንፋስ ይፈልጋል።

ለአሸዋ እኔ 18 እጀምራለሁ፣ ካልወጣልኝ 15። ከ12 በታች ከተቀበርኩበት ለመውጣት ካልሆነ አልነካም፤ ጠምዘዝ ስትሉ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል። የውስጥ ጎማ ያለው ከሆነማ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ቫልቩን ይበጥሰዋል። ኤርታሌ አካባቢ ደግሞ አሸዋው ያልቅና ስለታም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይመጣል። እዚያ በ15 የገባ ሰው የጎማውን ጎን ለድንጋዩ አሳልፎ ሰጠ፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይደፈንም። ቁሙና ጨምሩ፣ በእርምጃ ሂዱ።

የምትለኩት ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ ነው። ሲነዳ የቆየ ጎማ ከ4 እስከ 6 ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ያን አይታችሁ አታስተንፍሱት። 10 ጨምሮ ካገኛችሁት ግን ከመጀመሪያው ጎድሎት ነበር ወይም ጭነቱ በዝቷል፤ አትቀጥሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ቆላ ስንወርድ ደግሞ ሁለት ነገር ይገፋፋል። ከ2,300 ሜትር በላይ የተሞላ ጎማ ባሕር ጠለል ሲደርስ በከፍታው ለውጥ ብቻ ከ3 እስከ 4 ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ሙቀቱ ደግሞ በየ6 ዲግሪው 1 ያህል ይመልሳል። ስለዚህ የአዲስ አበባውን ልኬት ይዛችሁ አትውረዱ፤ ያደራችሁበት ቦታ ንጋት ላይ እንደገና ለኩ። ተቀያሪውንም ጭምር፤ ከመኪናው ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ ዓመት የማይነካ ስንቱን አይቻለሁ።

ያ ልጅ ዛሬም ይነዳል። ባለፈው ሚሌ ላይ ተገናኘን። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ከኪሱ መለኪያ አውጥቶ ወደ መኪናዬ ጎንበስ አለ። አራቱንም ዞረ።

«ጋሼ» አለኝ ሳይነሳ፣ «የኋላ ግራው በ5 ጎድሏል።»