ኒውክሌርን መፍራት ወይስ መጠየቅ? ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

ወረታ፦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም 5 ሺህ 150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ (ዶ.ር) በቀጣይ ይሠራሉ ካሏቸው ታላላቅ ፕሮጀክቶች መካከል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ አንዱ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ ከሩሲያው የኒውክሌር ኮርፖሬሽን ሮሳቶም ጋር ጣቢያ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈራረመች።

ዜናው ለሰሚው ሁለት ስሜት ይዞ መጥቷል። አንደኛው ተስፋ ነው። በወረታ ከተማ የሚገኙት የሩዝ መፈልፈያዎች መብራት ሲጠፋ ሥራ ይፈታሉ፤ ከገጠር ሩዙን ጭኖ የመጣው ገበሬም ቆሞ ይጠብቃል። አስተማማኝ ኃይል ማለት ለዚህ አካባቢ ገቢ ማለት ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። "ኒውክሌር" የሚለው ቃል በብዙ ሰው ጆሮ ከሂሮሺማ ቦምብና ከቼርኖቤል አደጋ ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል። ዝናቡ ይበከል ይሆን? የላሟ ወተት ይጠጣ ይሆን? ሩዛችንንስ ማን ይገዛናል?

እነዚህ ጥያቄዎች ያለማወቅ ምልክት ተደርገው ሊታለፉ አይገባም። ዓለም ባለፉት 40 ዓመታት ያየቻቸው ሁለቱ ከባድ የኒውክሌር ጣቢያ አደጋዎች የጎዱት በትክክል ወተትን፣ ሩዝንና ውኃን ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ፍርሃቱን ማፈን ሳይሆን፣ የቱ ሥጋት እውነት፣ የቱ ደግሞ መሠረተ ቢስ እንደኾነ ለይቶ ወደ ጥያቄ መቀየር ነው።

ማብላያው ቦምብ ነውን?

አይደለም። የኒውክሌር ጣቢያ በመሠረቱ ውኃ ማፍያ ነው። የዩራኒየም አተሞች ሲሰነጠቁ ሙቀት ይወጣል፤ ሙቀቱ ውኃውን ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል። በ2002 ዓ.ም ሥራ በጀመረው የጣና በለስ ጣቢያ ተርባይኑን የሚያሽከረክረው ከጣና ሐይቅ የሚወርደው ውኃ ነው፤ በኒውክሌር ጣቢያ ደግሞ እንፋሎት ነው። ለኃይል ማመንጫ የሚውለው ነዳጅ ሊሰነጠቅ የሚችለው የዩራኒየም ዓይነት መጠኑ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 በመቶ ሲኾን፣ ለጦር መሣሪያ የሚፈለገው ግን ወደ 90 በመቶ ይጠጋል። በመኾኑም የኃይል ማመንጫ ማብላያ እንደ አቶሚክ ቦምብ ሊፈነዳ አይችልም።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው። ማብላያው ሥራ ቢያቆም እንኳ ነዳጁ ወዲያው አይበርድም። እሳቱ ጠፍቶ አመድ እንደለበሰ ፍም ለረጅም ጊዜ ይግላል። ያንን ሙቀት ለማውጣት ውኃ ያለማቋረጥ መዘዋወር አለበት፤ ውኃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕም መብራት ይፈልጋል። ማቀዝቀዣው ከተቋረጠ ነዳጁ ይቀልጣል፤ መከለያው ካልቻለም ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገሮች ወደ አየር፣ ወደ አፈርና ወደ ውኃ ይወጣሉ።

የቼርኖቤል ወተት

እ.አ.አ ሚያዝያ 26 ቀን 1986 በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት፣ በዛሬዋ ዩክሬን፣ የቼርኖቤል ጣቢያ አራተኛው ማብላያ ከቁጥጥር ውጪ ኾኖ ፈነዳ። የማብላያው ንድፍ ጉድለት ነበረበት፤ እንደ ዛሬዎቹ ጣቢያዎች ጠንካራ የኮንክሪት መከለያም አልነበረውም። በአደጋው ወቅት ሁለት ሠራተኞች ሞቱ፤ በቀጣዮቹ ወራትም 28 የጣቢያው ሠራተኞችና የእሳት አደጋ ተከላካዮች በከባድ ጨረራ ሕይወታቸውን አጡ።

ከጣቢያው አጠገብ የምትገኘው የፕሪፕያት ከተማ ነዋሪ ግን ለ36 ሰዓታት ያህል ምንም ሳይነገረው ቆየ። ዓለምም ነገሩን የሰማው ከሁለት ቀናት በኋላ፣ በስዊድን የሚገኝ ሌላ የኒውክሌር ጣቢያ ከወትሮው የተለየ ጨረራ ከለየ በኋላ ነበር።

በዚያ መካከል አዮዲን 131 የተባለው ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር ሣሩ ላይ አረፈ። ላሞች ጋጡት፤ ወተቱን ሕፃናት ጠጡት። አዮዲን በአንገት ላይ በሚገኘው የእንቅርት ዕጢ ውስጥ ስለሚከማች፣ በዩክሬን፣ በቤላሩስና በሩሲያ በወቅቱ ልጆች ከነበሩት መካከል እስከ 2005 ድረስ ከ6 ሺህ በላይ የእንቅርት ዕጢ ካንሰር ተጠቂዎች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ታክመው ድነዋል። ከፍተኛ ጨረራ ባገኛቸው ሰዎች ላይ በረጅም ጊዜ የሚደርሰውን ሞት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት እስከ 4 ሺህ ሲገምቱ፣ ከዚህ በላይ የሚያደርሱ ተመራማሪዎችም አሉ።

አዮዲን 131 በየስምንት ቀኑ በግማሽ የሚቀንስ ነው። የአካባቢው ወተት ወዲያው ታግዶ ሕፃናት ለጥቂት ሳምንታት ሌላ ወተት ቢሰጣቸው ኖሮ የጉዳቱ ትልቁ ክፍል ይቀር ነበር። ጎረቤት ፖላንድ ጨረራውን እንደለየች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ለሚበልጡ ልጆች አዮዲን አደለች፤ የወተት አጠቃቀም ላይም ገደብ ጣለች።

ይህ ታሪክ ለፎገራ የራቀ አይደለም። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት። የደጋው ሕዝብም የአዮዲን እጥረት የሚያመጣውን እንቅርት ያውቃል፤ አዮዲን ያነሰው ዕጢ ጨረራ አመንጪውን አዮዲን ይበልጥ እንደሚስብም ይታወቃል። ስለዚህ ስለ ደኅንነት ሲነሣ አንዱ ዋና ጥያቄ "ማብላያው ምን ያህል ጠንካራ ነው?" ሲኾን፣ ሌላው "ችግር ቢፈጠር በስንት ሰዓት ውስጥ ይነገረናል?" የሚለው ነው።

የፉኩሺማ ሩዝ

ሁለተኛው አደጋ የጎርፍ ታሪክ ነው። እ.አ.አ መጋቢት 11 ቀን 2011 ጃፓን መጠኑ 9 በሚገመት ርዕደ መሬት ተናወጠች። በፉኩሺማ ዳይቺ ጣቢያ ሥራ ላይ የነበሩት ሦስት ማብላያዎች በራሳቸው ቆሙ፤ እስከዚህ ድረስ ንድፉ ሠርቷል። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግን ከፍታው ወደ 15 ሜትር የሚጠጋ የባሕር ማዕበል መጣ። ጣቢያው የተዘጋጀው 6 ሜትር ለማይሞላ ማዕበል ነበር። የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹ በውኃ ተጥለቀለቁ፤ ማቀዝቀዣው ቆመ፤ የሦስቱም ማብላያዎች ነዳጅ ቀለጠ።

ጉማራና ርብ ወንዞች ከአፋቸው ወጥተው ናበጋን፣ ዋገጠራንና ሺናን ሲያጥለቀልቁ ያየ፣ በተለይም የ1998 ዓ.ም ክረምትን የሚያስታውስ ነዋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጎርፍ ያለፈውን ዓመት ምልክት አክብሮ አይቆምም። ለትናንት ከፍታ የተሠራ ግድግዳ ለነገ ላይበቃ ይችላል።

ርዕደ መሬቱና ማዕበሉ በጃፓን ከ18 ሺህ በላይ ሰዎችን ገድለዋል ወይም የደረሱበት እንዳይታወቅ አድርገዋል። በጨረራ ምክንያት ወዲያው የሞተ ሰው አልነበረም፤ በኋላ ግን የአንድ ሠራተኛ የሳምባ ካንሰር ሞት ከጨረራው ጋር የተያያዘ መኾኑን የጃፓን መንግሥት ተቀብሏል። ከ150 ሺህ የማያንስ ሕዝብ ቀየውን ለቅቋል። በፉኩሺማ ግዛት ከመፈናቀሉ እንግልት ጋር በተያያዘ የሞቱት፣ በተለይም አረጋውያንና ሕሙማን፣ ከ2 ሺህ ይበልጣሉ። ያልታቀደ ሽሽት ራሱ ገዳይ መኾኑን ይህ ያሳያል።

የሩዝ ገበሬዎቹስ? ከ2012 ምርት ጀምሮ በግዛቱ የተመረተው ሩዝ ከረጢት በከረጢት ተመረመረ፤ በዓመት 10 ሚሊዮን ገደማ ከረጢት ማለት ነው። ሲዝየም የተባለውን ንጥረ ነገር ሥሩ እንዳይስብ በማሳው ላይ የፖታሽ ማዳበሪያ ተጨመረ። ከ2015 ምርት ወዲህ ከተመረመሩት ከረጢቶች በኪሎ ግራም 100 ቤክሬል ከሚለው የአገሪቱ ገደብ ያለፈ አልተገኘም። የሸማቹ ጥርጣሬ ግን ከማሳው ቶሎ አልጸዳም፤ ገዢ ለመመለስና ዋጋ ለማገገም ዓመታት ወስደዋል። ኑሮው በሩዝ ላይ ለቆመ አካባቢ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ መመርመሪያውና ካሳው አስቀድሞ ካልታሰበበት፣ የጸዳ ምርትም ገበያ ሊያጣ ይችላል።

ከሌሎቹ ጋር ሲመዘን

ሥጋትን መመዘን የሚቻለው ከሌላ ሥጋት ጋር በማነጻጸር ነው። አደጋንና የአየር ብክለትን አንድ ላይ በሚይዘው ዓለም አቀፍ ስሌት፣ ለእያንዳንዱ ቴራዋት ሰዓት ኃይል በድንጋይ ከሰል 25 ያህል ሰው፣ በውኃ ኃይል 1.3፣ በኒውክሌር ደግሞ 0.03 ሰው ይሞታል። የውኃ ኃይል ቁጥር ከፍ ያለው በዋናነት በ1975 በቻይና በተደረመሰው የባንቺያዎ ግድብ ምክንያት ነው። በመስከረም 2023 በሊቢያ ደርና ከተማ ሁለት ግድቦች ተደርምሰው በሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። ምንም አደጋ የሌለው የኃይል ምንጭ የለም።

ጨረራም እንግዳ ነገር አይደለም። የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከአለትና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊ ሲቨርት ጨረራ ያገኛል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማን በጨረራ ይታከማሉ፤ በደቡብ ስምጥ ሸለቆም በጨረራ የመከኑ ወንድ የቆላ ዝንቦች ተለቅቀው ገንዲን ለመከላከል ተሞክሯል። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የኾነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 ነው።

ይሁንና አማካይ ቁጥር ብቻውን ማጽናኛ አይኾንም። የኒውክሌር አደጋ እምብዛም አይደርስም፤ ከደረሰ ግን አንድን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ከእርሻና ከኑሮ ሊያወጣ ይችላል። ለዚህም ነው ከመገንባቱ በፊት መጠየቅ የሚገባው።

ምን ይጠየቅ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ቦታውና ውኃው ነው። ኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ አገር ናት፤ በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ተደጋጋሚ ርዕደ መሬት ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። በማቀዝቀዣ ማማ የሚሠራ ጣቢያ ደግሞ ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት ከ2 እስከ 3 ሜትር ኩብ ውኃ በትነት ያጣል። ጣቢያው የትም ይተከል፣ ከመስኖ፣ ከዓሣና ከመጠጥ ውኃ ጋር ያለው ድርሻ በቁጥር ሊታወቅ ይገባል።

ሁለተኛው ተቆጣጣሪው ነው። ከፉኩሺማ በፊት የጃፓን የኒውክሌር ደኅንነት ተቆጣጣሪ፣ ኒውክሌርን በሚያስፋፋው ሚኒስቴር ሥር ነበር። የአገሪቱ ፓርላማ ያቋቋመው ገለልተኛ አጣሪ ኮሚሽን በ2012 አደጋውን ሰው ሠራሽ ነው ሲል ደምድሟል፤ በዚያው ዓመትም ተቆጣጣሪው ራሱን ችሎ እንዲቆም ተደርጓል። የሚገነባውና የሚቆጣጠረው አንድ አለቃ ካላቸው "ቁም" የሚል አይኖርም።

ሦስተኛው ውሉ ነው። እዚህ ላይ ባንግላዴሽን መመልከት ይጠቅማል፤ እርሷም የጎርፍና የሩዝ አገር ናት። በፓድማ ወንዝ ዳር በሩፑር ሁለት ማብላያዎች ያሉት 2 ሺህ 400 ሜጋዋት ጣቢያ በሮሳቶም ሲገነባ ቆይቷል። የማብላያዎቹ ዓይነት ድርብ መከለያ፣ የቀለጠ ነዳጅ መያዣና ያለ መብራት የሚሠራ የማቀዝቀዣ ዘዴ አለው። የውሉ ዋጋ 12.65 ቢሊዮን ዶላር ሲኾን 90 በመቶው የሩሲያ ብድር ነው፤ ያገለገለውን ነዳጅ መልሳ ለመውሰድም ሩሲያ በ2017 ተስማምታለች። ኢትዮጵያም የዕዳው መጠን፣ የአከፋፈሉ ሁኔታና የዝቃጩ መድረሻ በጽሑፍ ሰፍሮ ለሕዝብ ሊገለጥ ይገባዋል።

አራተኛው ሰላም ነው። በዩክሬን የሚገኘው፣ ስድስት ማብላያዎች ያሉት የዛፖሪዢያ ጣቢያ ከ2022 ጀምሮ በጦርነት መካከል ወድቋል፤ ከውጭ የሚመጣለት መብራት በተደጋጋሚ ተቋርጧል። በ2023 የካኾቭካ ግድብ ሲፈርስም ጣቢያው ውኃ ይቀዳበት የነበረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ደርቋል። ጠንካራ ንድፍ ሰላምን ሊተካ አይችልም።

የመጨረሻው፣ ለፎገራ ሰው የሚቀርበው ጥያቄ፣ የማስጠንቀቂያው ነው። በክረምት ከላይ ተፋሰስ የዘነበውን ዝናብ ወሬ በጊዜ የሰማ ከብቱን ወደ ከፍታ ያወጣል፤ ያልሰማ ውኃው ሌሊት ቤቱ ይገባበታል። የኒውክሌር ደኅንነትም በዚህ ይመሳሰላል። የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ተጽፎ እስከ ቀበሌ መድረሱ፣ የጨረራ መለኪያው ንባብ ለማንም ሰው ክፍት መኾኑ፣ የጤና ኬላው ሠራተኛ ስለ አዮዲን መሠልጠኑ ከማብላያው ኮንክሪት እኩል የደኅንነት ክፍሎች ናቸው።

ሩዝም በፎገራ ሜዳ እንግዳ ነበር። በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ በጅግና ተሞክሮ፣ ገበሬው አይቶና ፈትኖ "ኤክስ ጅግና"ን የራሱ አደረገው፤ ዛሬ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫው ወረታ ነው። ሩዝን ግን በአንድ ጥማድ ሞክሮ መተው ይቻል ነበር፤ የኒውክሌር ጣቢያ ከተተከለ በኋላ እንዲያ አይተውም። ስለዚህ ሕዝቡ ጥያቄውን ለምክር ቤት ተወካዮቹና ለሚመለከታቸው ተቋማት ማቅረብ ያለበት ውሉ ከመታሰሩ በፊት ነው፤ ተቋማቱም ሳይሸፋፍኑ የመመለስ ግዴታ አለባቸው።